ያልተቆጠረ ሠፈር ጂኦግራፊ

የነገ የጂኦግራፊ መምህራን፤

በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ዛሬ በተሰበሰብንበት በየካ አባዶ በሬ ይጠመድ ነበር። ፕሮጀክት 13 የሚባል ሠፈር አልነበረም። ዕጣ ደርሶት ፍራሹንና ቁም ሣጥኑን በአይሱዙ ጭኖ የመጣ ሰውም አልነበረም። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ተራዘመ፤ ከዚያም ደግሞ ተራዘመ። እንግዲህ በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ የሚኖረው ይህ ሁሉ ሕዝብ የአባዶ ነዋሪ ተብሎ በአገር አቀፍ ቆጠራ አንድም ጊዜ አልተመዘገበም። ምሽት ላይ የሠፈሩ መብራት ከሩቅ ይታያል፤ በቆጠራው መዝገብ ግን ቦታው ዛሬም ማሳ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ክፍል ስትገቡ ስለ ሕዝብ አሠፋፈር የሚናገር ምዕራፍ ይገጥማችኋል። ምዕራፉ ቁጥር አለው። ልጁ ቁጥሩን ይሸመድዳል፤ ፈተና ላይ ይጽፋል፤ መምህሩም የትክክል ምልክት ያደርጋል። እኔም የመጀመሪያዎቹን የማስተማር ዓመታቴን ያሳለፍኩት እንዲህ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ እኛን ማን ቆጠረን?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ቀለል አድርጌ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን ጥያቄው ከቁጥሩ እንደሚበልጥ ወዲያው ገባኝ። ዛሬ እናንተ ፊት ያቆመኝ የዚያች ልጅ ጥያቄ ነው።

የመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ ውሸት ማለት አይደለም፤ የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ከወሊድ፣ ከሞትና ከፍልሰት መጠን ተነሥቶ በጥንቃቄ የሚያሰላው ነው። ይሁን እንጂ የተቆጠረና የተሰላ ይለያያሉ፤ ተማሪው ልዩነቱን ሊያውቅ ይገባዋል። የተቆጠረውም ቢሆን ከጥያቄ አያመልጥም። የ1999ኙ ውጤት ይፋ ሲሆን የአማራ ክልል ሕዝብ አስቀድሞ ከተገመተው ከ2 ሚሊዮን በላይ አንሶ በመገኘቱ ጉዳዩ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አነጋግሯል። ይህን ለልጆች መንገር አገር ማሳጣት የሚመስለው ሰው አለ። እኔ አይመስለኝም። በጀት፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የውኃ መስመር የሚከፋፈለው በቁጥር ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የማይጠይቅ ልጅ፣ የሠፈሩ ጤና ጣቢያ ለምን እንደሚጨናነቅ ማወቅ አይችልም።

የተሰጠኝ ርዕስ «ሒሳዊ አተያይ በጂኦግራፊ ትምህርት» ይላል። እዚህ ካላችሁት መካከል በዕድሜ ገፋ ያላችሁ «ሒስ» የሚለው ቃል ትንሽ ሳይኮሰኩሳችሁ አልቀረም። በደርግ ዘመን «ሒስና ግለ ሒስ» የሚባል ነበር፤ ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ ራሱን ይከሳል፣ ሌላውም ይከሰዋል። ከዚያ በኋላ «ግምገማ» መጣ። ሒስ የሚለው ቃል በእኛ አገር የሰውን ጥፋት ከማሳደድ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ለዚህ ነው ብዙ መምህር «ሒሳዊ» ሲባል ወይ የሚፈራው፣ ወይ ደግሞ ተነሥቶ መንግሥትን መዝለፍ የሚመስለው። ስለዚህ ቃሉን ለጊዜው ላስቀምጠውና ከራሳችን ጓዳ ሌላ ላምጣ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያውቀዋል። የመጻሕፍት ተማሪ አንድ ንባብ ይዞ ከመምህሩ እግር ሥር ሲቀመጥ፣ መምህሩ ትርጉሙን ይነግሩትና «አንድም» ይላሉ። ሌላ ትርጉም ይከተላል። ደግሞ «አንድም»። ተማሪው ዓመታት ሙሉ እንዲህ ሲማር አንዱን ቃል ከሦስትና ከአራት ወገን ማየት ደሙ ውስጥ ይገባል። አንድምታ የራሱ ወሰን አለው፤ ከቀኖና አይወጣም። የጂኦግራፊ ሰው ደግሞ ለእያንዳንዱ «አንድም» ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ የፈለገውን ሁሉ አንድም ማለት አይችልም። ዘዴው ግን የእኛው ነው። ካርታን፣ ሰንጠረዥንና የመማሪያ መጽሐፍን ዐረፍተ ነገር በአንድም እንድታነቡ ነው የምለምናችሁ።

በኢትዮጵያ ጂኦግራፊ ይህን ከማንም በላይ በድፍረት የሠሩት ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። ሕዝቡ ይበልጥ የሚያውቃቸው በ1984 ዓ.ም. ከሌሎች ጋር በመሠረቱት የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤና በፖለቲካ ተሳትፏቸው ነው። ሙያቸው ግን ጂኦግራፊ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍልን መርተዋል፤ የኢትዮጵያን አትላስ አዘጋጅተዋል፤ ለብዙ ትውልድ የጂኦግራፊ ተማሪ መነሻ የሆነ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ግን ካርታ መሥራት ብቻ አልበቃቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 በአገራችን ስለደረሰው ረሀብ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1984 በመጽሐፍ አወጡ።

በመጽሐፉ ያነሡት ክርክር እስከ ዛሬ በክፍላችን ውስጥ በቅጡ አልተሰማም። ድርቅ የሰማይ ጉዳይ ነው። ረሀብ ግን ከሰማይ አይወርድም። ከእጅ ወደ አፍ የሚያመርት ገበሬ፣ በተፈጥሮም በባለሥልጣንም በነጋዴም ፊት አቅመ ቢስ ሆኖ እንዲኖር ያደረገው ሥርዓት ነው ድርቁን ወደ ረሀብ የሚለውጠው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ እንደነበር ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ጽፈዋል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ገበያው ረሀቡን አላየውም።

አሁን ወደ ክፍል እንመለስ። «የረሀብ መንስኤ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ በፈተና ይመጣል። «የዝናብ እጥረት» ብሎ የጻፈው ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ልጁ አልዋሸም። ነገር ግን ወሎ ላይ ስላለቁት ወገኖቹ የተማረው ነገር ቢኖር ማንም ተጠያቂ እንዳልነበረ ብቻ ነው። አንድ የፈተና ጥያቄ ይህን ያህል ሊሸሽግ ይችላል። እኔ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሌላ ደግሞ ልጨምር። እኔ ተማሪ ሳለሁ «ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ 3 በመቶ ቀርቷል» የሚለውን በቃሌ ይዤ ነበር። እናንተም ይዛችሁታል። የታሪክ ተመራማሪው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ቁጥር ወደ ኋላ ተከትለው ሄዱ። የድሮ ተጓዦችን ማስታወሻና ፎቶግራፎችን አገላብጠው ሲያዩ፣ ባዶ የተባለው የደጋ መሬት ብዙው ክፍል ከረጅም ዘመን በፊትም በደን ያልተሸፈነ ሆኖ አገኙት። 40 በመቶ ለሚለው ጠንካራ መሠረት አልተገኘለትም፤ አንዱ ጸሐፊ ከሌላው እየወሰደ ነው ያደረሰን። ይህ ማለት ደን አልወደመም ማለት አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል ያለውን ጥፋት ማንም አይክደውም። ጥያቄው ቁጥሩ ማንን ጥፋተኛ አድርጎ ያቆማል የሚለው ነው። ዐረፍተ ነገሩን ደግማችሁ አንብቡት፤ በልባችሁ የሚታያችሁ መጥረቢያ የያዘው ገበሬ ብቻ ነው።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ የየካን ተራራ ታያላችሁ። አረንጓዴ ነው። አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ዛፍ። አዲስ አበባ እንጨት አልቆባት ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። እንግዲህ ተማሪዎቻችሁን አውጥታችሁ ተራራውን አሳዩአቸው። አንዱ «ደን ነው» ይላል። አንድም፦ ባሕር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ ሌላ ዕፅዋት ከሥሩ አያበቅልም የሚል ባለሙያ አለ። አንድም፦ ከተማዋ እንዳትሰደድ ያደረገ ባለውለታ ነው። አንድም፦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ከዚያ ለሚወርዱት እናቶች የዕለት እንጀራ ነው። ለጥበቃ ሠራተኛው ደግሞ እነዚያ እናቶች ሕግ ተላላፊዎች ናቸው። አንድ ተራራ ነው። ይህን አንድ የክፍለ ጊዜ ትምህርት ያገኘ ልጅ «የተፈጥሮ ሀብት» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አያልፈውም።

የዓለም ካርታን ነገር ባጭሩ ላንሣውና ልለፍ፤ በየመድረኩ ስለሚነሣ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። እ.ኤ.አ. በ1569 ለመርከበኞች በተዘጋጀው በመርካቶር ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን ታህላለች። አፍሪካ 30 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነች፤ ግሪንላንድ 2.2 ሚሊዮን ገደማ። በነሐሴ 2017 እዚሁ ከተማችን ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው የአፍሪካ ኅብረት ካርታው ይስተካከል የሚለውን ዘመቻ ደግፏል። ደስ ይላል። የእኔ ሥጋት ግን ሩቅ አውሮፓ የተሠራውን ካርታ ስናርም ውለን የራሳችንን ሠፈር ካርታ ሳናይ እንዳናድር ነው።

ስለዚህ ወደ አባዶ ልመለስ፤ ዛሬ የመጣሁት ለእርሱ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን ተመልከቱ። ልጁን «የት ነው የምትኖረው?» ስትሉት «ፕሮጀክት 13» ይላል። ይህን ስም ያወጣው ሽማግሌ አይደለም፤ ምንጭ ወይም ዛፍ አይቶ ያወጣው እረኛም አይደለም። የቤቶች ግንባታ ፋይል ቁጥር ነው። ሰው በፋይል ቁጥር መኖር ለምዶ፣ ሰርግና ለቅሶ ተጠራርቶበት፣ የራሱ አድርጎታል። ከዚያ በታች ግን ሌላ የስም ንጣፍ አለ። ወደ ኮተቤ ስትወርዱ «ካራ» የሚባለውን ታገኛላችሁ፤ በአፋን ኦሮሞ መንገድ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ የሚያልፍ ሰውን ያስታውሳል። በደቡብ በኩል «ቱሉ ዲምቱ» አለ፤ ቀዩ ተራራ። ስሙን የሚያውቅ ልጅ የአፈሩን ቀለም አብሮ ያውቃል። በክፍላችሁ ውስጥ አያቱ እዚሁ መሬት ላይ ያረሰ ልጅ ካለ፣ የጅረቱንና የመስኩን ስም ከሞላ ጎደል ያውቃል ወይም የሚጠይቀው ሰው አለው። ያ ዕውቀት በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደ ከባዱ ደረስኩ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ዴስክ ላይ፣ መሬቱ የተወሰደበት ገበሬ ልጅና በዚያ መሬት ላይ የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሳት እናት ልጅ አብረው ይቀመጣሉ። ስለ «ከተሞች መስፋፋት» ስታስተምሩ ሁለቱም እናንተን ነው የሚያዩት።

ሕጉን ይዛችሁ ግቡ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን በቋሚነት የሚለቅ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሣ፣ ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ሆነ። ይህን ለተማሪዎቻችሁ እንደ ሒሳብ ጥያቄ ስጧቸው። አንድ ሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ቢሰጥ፣ ካሣው ስንት ይሆናል? ያ ገንዘብ በከተማ ኑሮ ስንት ዓመት ያቆያል? ከ10ኛው ወይም ከ15ኛው ዓመት በኋላስ? ሒሳቡን ሠርተው ሲጨርሱ እናንተ ምንም ማለት አይጠበቅባችሁም።

ከዚያ ግን እዚያ አትቁሙ፤ እዚያ የሚቆም መምህር ግማሹን ነው ያስተማረው። የሌላኛዋንም ልጅ እናት ኑሮ በቁጥር ጻፉት። በ1997 የተመዘገበች፣ በኪራይ ቤት ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ስትንከራተት የኖረች፣ ከደመወዟ እየቀነሰች የቆጠበች፤ ከቤቱ ዋጋ 20 በመቶውን ከፍላ 80 በመቶውን የባንክ ዕዳ የተሸከመች። እሷ መሬት ነጣቂ አይደለችም። የት እንደምትኖር የወሰነላት ዕጣ ነው፤ ጎረቤቷንም የመረጠላት ዕጣ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ተገናኝተው አልተደራደሩም፤ የሁለቱንም ዕድል ሌላ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግቶ የወሰነ አካል አለ። ልጆቹ ዓይናቸውን እርስ በርስ ከመተያየት አንሥተው ወደዚያ ጠረጴዛ እንዲያዩ ማድረግ የእናንተ ሥራ ነው።

አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣውን ተቃውሞና የጠፋውን የሰው ሕይወት እናስታውሳለን፤ ዕቅዱ በጥር 2008 ነው የተሰረዘው። በየካቲት 2011 የኮየ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ የተነሣውንም ተቃውሞ እናስታውሳለን። ወሰን የሚለው ቃል በእኛ ክፍል ውስጥ እንደ ሌላው ቃል ቀዝቅዞ አይቀመጥም። ለዚህ እኔ አንድ ደንብ አለኝ፤ በብዙ ስሕተት የተማርኩት ነው። ልጅ የወገኑ ጠበቃ ሆኖ እንዲቆም አላስገድደውም። «አንተ ከገበሬ ወገን ነህ፣ ንገረን እስቲ» አንድ ጊዜ ብዬ ነበር፤ ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ በኋላ እጁን አላወጣም። አሁን ልጆቹ ወረቀት ያነባሉ፣ ይለካሉ፣ ያሰላሉ፣ ይጠይቃሉ። ስለ ራሱ መናገር የፈለገ ሲፈልግ ይናገራል።

የቋንቋውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ ውርጭ የሚሉት ቃላት የሕዝባችን የራሱ የአየር ንብረት ሳይንስ ናቸው፤ ከፍታን፣ ሙቀትን፣ ሰብልንና የቤት አሠራርን በአንድ ቃል ያሥራሉ። ልጁ ከፍ ወዳለ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና የአያቱ ዕውቀት ከጂኦግራፊ ውጪ የሆነ ይመስለዋል። እባካችሁ፣ የእናንተ ተማሪ ቃሉን ከቤቱ ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ አታስቀሩበት።

እንግዲህ እንዴት እንሥራው? እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በዲትሮይት ከተማ ዊሊያም ቡንጊ የሚባል የጂኦግራፊ ሊቅ ከግዌንዶሊን ዋረን ጋር ተገናኘ። እሷ ገና ወጣት የሠፈር ልጅ ነበረች። አብረው የጂኦግራፊ ጉዞ አቋቋሙ፤ ጉዞው ግን ወደ ሩቅ አገር አልነበረም፤ ወደ ራሷ ሠፈር ነበር። ካወጧቸው ካርታዎች አንዱ በመንገድ ላይ ሕፃናት በመኪና የተገጩባቸውን ቦታዎች በነጥብ ያሳያል። ነጥቦቹ የተሰበሰቡት ከከተማ ዳር ያሉ ባለመኪኖች ወደ ሥራ በሚጣደፉባቸው ጎዳናዎች ላይ ነው፤ ጎዳናዎቹ ደግሞ የጥቁሮችን ሠፈር ሰንጥቀው ያልፋሉ። በዚያ ካርታ ላይ አንድም የቁጣ ቃል አያስፈልግም ነበር።

እኛም ለዚህ የሚሆን ብዙ አለን። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የምሥራቅ ምዕራብ ቀላል ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አያት ላይ ያበቃል። ካርታው ላይ መስመሩ ሲያልቅ ትንሽ ክብ ነጥብ ተደርጎበታል። ከነጥቡ ወዲህ ያለነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ያለውን የታክሲ ሰልፍ፣ የሰልፉን ርዝመት፣ የሚባክነውን ደቂቃና ብር የሚያሳይ ካርታ እስካሁን አላየሁም። ውኃም እንዲሁ ነው። ለገዳዲ ከዚህ ብዙ ሳይርቅ በምሥራቅ አለ፤ ከተማዋን ለአሠርት ዓመታት ያጠጣ ግድብ ነው። ግድቡ ቅርብ መሆኑ ግን ቧንቧው በየቀኑ ይመጣል ማለት እንዳልሆነ በርሜልና ጀሪካን የደረደረ ቤት ሁሉ ያውቃል። የቅርብና የሩቅ ትርጉም በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ልጆቹ እቤታቸው ያውቁታል፤ እናንተ መለኪያውን ስጧቸው።

ሴት ተማሪዎቻችሁም ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚሄዱበትን መንገድ ይሣሉ፤ ሲመሽ የሚሸሹትን ጥግ በሌላ ቀለም ያቅልሙት። የወንዶቹን ካርታ ከጎኑ አስቀምጡት። አንድ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ካርታዎች ግን አይመሳሰሉም። ይህን ያየ ወንድ ልጅ የእኅቱን ፍርሃት ዳግመኛ እንደ ቅብጠት የሚቆጥረው አይመስለኝም።

ከዚህ ብዙም በማይርቀው በኮተቤ መምህራን ሲሠለጥኑ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። እናንተም ከዚያና ከሌሎች ተቋማት የወጣችሁ፣ በተግባር ልምምድ ላይ ያላችሁ ናችሁ። ስለዚህ ንግግሬን በቤት ሥራ ልጨርሰው፤ ለተማሪዎቻችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ራሳችሁ ሥሩት።

ነገ ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ሰልፉ ጋ እንገናኝ። ሰዓት፣ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ሦስታችሁ ሰልፉ ውስጥ ግቡና እስከ አያት ባቡር ጣቢያ የፈጀባችሁን ጊዜና የከፈላችሁትን ጻፉ። ሦስታችሁ በእግር ሂዱ። የቀራችሁት እዚሁ ቆዩና ከሕንፃዎቹ ወደ ኋላ፣ የቆርቆሮ አጥሩን አልፎ ወዳለው ቤት አብረን እንሄዳለን። አንድ አባት ይጠብቁናል፤ ዛሬ ይህ አዳራሽ የቆመበትን መስክ በስሙ ይጠሩታል። ስሙን በራሳችሁ እጅ፣ እሳቸው እንደሚጠሩት አድርጋችሁ ጻፉት።